በአንድ ትራንዚስተር የአጭር ሞገድ መቀበያ፤ ማሰራጫው ከዚያ በኋላ

ጥምጥም

«የማሰራጫ ሥዕል ላኩልኝ» የሚል ጥያቄ ወደዚህ መድረክ በየሳምንቱ ይመጣል። መልሱ ሁሌ አንድ ስለሆነ እዚህ ላስቀምጠው፤ መጀመሪያ መቀበያ ሥሩ። መቀበያ የሌለው ሰው ማሰራጫው የት ፍሪኩዌንሲ ላይ እንዳረፈ፣ ከጎኑ ምን ቆሻሻ እንደሚረጭ የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

የምንሠራው ሪጀነሬቲቭ የሚባለውን ነው። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1914 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ዘዴ ነው፤ አርጅቷል እንጂ አልሞተም። ትራንዚስተሩ ካጎላው ሲግናል ጥቂቱ በትንሽ ኮይል (የሽቦ ጥምጥም፤ «መላሹ» እንለዋለን) በኩል ወደ መግቢያው ይመለስና እንደገና ይጎላል። ጥበቡ ሊያፏጭ ጥቂት ሲቀረው ማቆም ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ አንዱ ትራንዚስተር የብዙዎችን ሥራ ይሠራል፣ ጣቢያ የመለየት አቅሙም አብሮ ያድጋል።

ኮይሉ፦ የውጭ ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ፒቪሲ ቱቦ፣ 0.5 ሚሊሜትር ቫርኒሽ ያለው የመዳብ ሽቦ። ዋናውን 16 ዙር ሳታራርቁ ጠምጥሙ፤ ከግራውንድ (ከባትሪው ነጌቲቭ) ጋር ከሚገናኘው ጫፍ 4ኛው ዙር ላይ ሽቦውን አጠፍ አድርጋችሁ መውጫ አውጡ። ከግራውንዱ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ዝቅ ብላችሁ የመላሹን ኮይል 4 ዙር በዚያው አቅጣጫ ጠምጥሙ። የአንቴናው 2 ዙር ደግሞ በዋናው ኮይል የግራውንድ ጫፍ ላይ፣ በፕላስተር ላይ ይጠመጠማል። ዋናው ኮይል 5.8 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ይሆናል። ከትንሽ የኪስ ሬዲዮ የወጣ ተለዋዋጭ ካፓሲተር የ140 ፒኮ (ፒኮፋራድ) ጎኑን ብታገናኙበት ከ5.3 እስከ 13.2 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሄዳል። 49፣ 41፣ 31 እና 25 ሜትር የሚባሉት የአጭር ሞገድ ጣቢያ ባንዶች ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው።

ትራንዚስተሩ ሲ1815፣ 2ኤን3904 ወይም ቢሲ547 ይሁን፤ ሦስት እግሮቹ ኤሚተር፣ ቤዝና ኮሌክተር ይባላሉ። ኤሚተሩ ግራውንድ። ቤዙ በ1 ናኖ (ናኖፋራድ) ካፓሲተር በኩል ከ4ኛው ዙር መውጫ ጋር። ኮሌክተሩ ወደ መላሹ ኮይል የውጭ ጫፍ፤ ማለትም ከዋናው ኮይል ርቆ ወዳለው ጫፍ። የመላሹ የውስጥ ጫፍ የሚደርስበትን ነጥብ «መገናኛ» ልበለው፤ ብዙ ስለምንመላለስበት። ከመገናኛው 4.7 ናኖ ወደ ግራውንድ፣ 1 ሜጋኦም ወደ ቤዙ፣ 4.7 ኪሎኦም ወደ 10 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር (በእጅ የሚዞር ሬዚስተር) መሃል እግር። የፖቴንሽዮሜትሩ ሁለት ጫፎች 9 ቮልትና ግራውንድ፤ መሃል እግሩ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ፤ ያለዚያ ሲዞር ይንጫጫል።

ድምፁ ከመገናኛው በ1 ማይክሮፋራድ ወደ 10 ኪሎኦም የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ ከዚያ ወደ ኤልኤም386 (የድምፅ ማጉያ አይሲ) እግር 3። እግር 2 እና 4 ግራውንድ፣ እግር 6 ኃይል፣ በ1 እና በ8 መካከል 10 ማይክሮፋራድ፣ ከእግር 7 ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ፣ ከእግር 5 በ220 ማይክሮፋራድ ወደ ስፒከር። እግር 5 ላይ 47 ናኖና 10 ኦም ተከታትለው ወደ ግራውንድ ይሂዱ፤ ይሄን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ በኋላ «ለምን ይጮኻል» የሚለውም እሱ ነው። የትራንዚስተሩ ክፍል ኃይል በ100 ኦምና በ220 ማይክሮፋራድ ተለይቶ ይሂድ። ካልተለየ ስፒከሩ ከፍ ሲል ባትሪውን ያወዛውዘዋል፣ መቀበያውም እንደ ጀልባ ሞተር ዱክ ዱክ ይላል።

አንቴናው 10 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ከፍ አድርጋችሁ መስቀል ቢያምራችሁም ከመብራት ምሰሶ ሽቦ ፈጽሞ አታጠጉት። ክረምት ላይ ደመና ሲያጉረመርም ነቅላችሁ ውጭ ጣሉት።

አጠቃቀም፦ ፖቴንሽዮሜትሩን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ሿ የሚለው ድምፅ እየወፈረ ሄዶ «ፕሎፕ» ይላል፤ ያ መወዝወዝ የጀመረበት ነጥብ ነው። ለተራ ጣቢያ ከፕሎፑ ትንሽ በታች፣ ለሞርስና ለነጠላ ጎን ባንድ ንግግር ትንሽ በላይ።

ምናለሽ_ተራ

ዕቃውን ልጨምር። ተለዋዋጭ ካፓሲተሩ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሞተ የኪስ ሬዲዮ ግዙ፣ ከነስፒከሩና ከነፖቴንሽዮሜትሩ ይመጣል። ጀርባው ላይ ትንንሽ ዊቶች ካያችሁ ትሪመሮቹ (ትንንሽ ማስተካከያ ካፓሲተሮች) ናቸው፣ ክፍት አድርጓቸው። እግሮቹ ብዙ ከሆኑ የኤፍኤም ጎኖቹ 20 ፒኮ ገደማ ስለሆኑ አይጠቅሙም፤ ካፓሲታንስ በሚለካ መልቲሜትር ዘንጉን ሙሉ ዘግታችሁ ትልቁን ምረጡ።

ሽቦ ሞተር ጠምጣሚዎች ጋ በግራም ይሸጣል። ቫርኒሹን በቢላ ፍቁት፤ በመበየጃ ሊድ ሙቀት ብቻ የማይለቅ ዓይነት አለ። ከላይ ሊድ ተጣብቆበት ከሥር ግን ያልተገናኘ ጫፍ ዓይንን ያታልላል። በመልቲሜትር ከጫፍ ጫፍ ዜሮ ኦም ካላለ አልተገናኘም።

የድሮ ቲቪ ቦርድ የምትፈቱ ደግሞ ተጠንቀቁ። 220 ቮልቱ ሲታረም 310 ቮልት ይሆናል፣ ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ይይዘዋል። በ2.2 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር አፍስሱት፣ ለክታችሁ አረጋግጡ። በዊንዲቨር ማገናኘት የሚባለውን እርሱት።

የካፓሲተር ኮድ ለማያውቅ፦ 101 ማለት 100 ፒኮ፣ 102 ማለት 1 ናኖ፣ 472 ማለት 4.7 ናኖ፣ 104 ማለት 100 ናኖ። መጨረሻዋ አኃዝ የዜሮ ብዛት ናት፣ ንባቡ በፒኮ ነው።

ባለሬዲዮዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በጥምጥም መግለጫ መሠረት በሲ1815 ሠርቻለሁ። ኤልኤም386 ደህና ነው፤ እግር 3ን በጣት ስነካ ያጉረመርማል። የትራንዚስተሩ ክፍል ግን ዝም። ፖቴንሽዮሜትሩ ሙሉ ተከፍቶ መገናኛው ላይ 0.7 ቮልት፣ ቤዙ ላይ 0.02 ቮልት ነው የማገኘው። ባትሪው 9.1። ትራንዚስተሩን ቀየርኩት፣ ያው ነው።

ጥምጥም

እህቴ፣ ቁጥሮቹን አብረሽ ስለጻፍሽ ተባረኪ፤ ግማሹን ሥራ ሠርተሽልኛል። 0.7 ቮልት የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም። በ4.7 ኪሎኦም በኩል ኃይል የሚመጣበት ነጥብ 0.7 ላይ ከቆመ እዚያ የተሰካው ኮሌክተር ሳይሆን ቤዝ ነው፤ የቤዝና የኤሚተር ዳዮድ ነው ቮልቴጁን ይዞ ያስቀረው። ትራንዚስተሩ ስላልሞተ መቀየሩም አይረዳም።

ሲ1815 ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ አንቺ አዙረሽ ከግራ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው። 2ኤን3904 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ቢሲ547 ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው፣ እግራቸው ግን የተለያየ። የመሃሉንና የቀኙን እግር አለዋውጪ። ከዚያ መገናኛው ላይ ከ3.5 እስከ 5 ቮልት፣ ቤዙ ላይ 0.6 ገደማ ማየት አለብሽ። ቤዙን ስትለኪ የመልቲሜትሩ ውስጣዊ 10 ሜጋኦም ጥቂት ስለሚስብ ትንሽ ዝቅ ቢልብሽ አትደንግጪ።

ባለሬዲዮዋ

እውነት ነው፣ ተገልብጦ ነበር። አሁን መገናኛው 4.8፣ ቤዙ 0.61። ሿ የሚል ድምፅ አለ፣ ማታ አንድ ጣቢያም በጣም ከሩቅ ይሰማል። ፕሎፑ ግን የለም። ፖቴንሽዮሜትሩ እስከ ጫፍ ሄዶም አያፏጭም።

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ

ይህ መላሹ ተገልብጦ ነው። የሚመለሰው ሲግናል መግቢያውን በመግፋት ፋንታ ይቃወመዋል፤ እንዲያውም ጉላቱን ይቀንሳል። የመላሹን ሁለት ጫፎች ብቻ አለዋውጪ፣ ኮይሉን ማፍረስ አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦውን ገልብጦ በመያዝ የሚመጣ ስሕተት ነው። «በዚያው አቅጣጫ» ሲባል ቱቦው ሳይገለበጥ ነው፤ ቱቦውን ገልብጦ የጠመጠመ ሰው እጁ በአንድ አቅጣጫ ቢዞርም ሽቦው በተቃራኒው ነው የተኛው።

ከተለዋወጠ በኋላም ካላፏጨ በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ። አንደኛ አንቴናውን ንቀይ፤ አንቴናው ጉልበቱን ሊበላው ይችላል። ሁለተኛ 4.7 ናኖው በእርግጥ ግራውንድ መንካቱን፣ እግሩም አጭር መሆኑን እዪ። ሦስተኛ መላሹን ወደ ዋናው ኮይል 1 ሚሊሜትር አስጠጊው ወይም 5ኛ ዙር ጨምሪ። በተቃራኒው ፖቴንሽዮሜትሩ ሩብ ሳይደርስ የሚያፏጭ ከሆነ ወደ 3 ዙር ቀንሺ። ጥሩው ፕሎፕ ፖቴንሽዮሜትሩ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ የሚመጣውና ወደ ኋላ ስትመልሺውም እዚያው ቦታ የሚቆመው ነው። ፖቴንሽዮሜትሩ ሲከፈት 6 ቁጥር ላይ ተጀምሮ ሲዘጋ 4 ቁጥር ላይ የሚቆም ከሆነ ጠርዙ ላይ መቀመጥ አይቻልም፤ መላሹ በዝቷል ማለት ነው።

መወዝወዙን ያለ ስፒከር ማረጋገጥም ይቻላል። መገናኛው ላይ መልቲሜትር አድርገሽ የዋናውን ኮይል የላይ ጫፍ በጣት ንኪ። የሚወዛወዝ ከሆነ ንባቡ ትንሽ ይዘላል። የማይወዛወዝ ከሆነ ንቅንቅ አይልም።

ባለሬዲዮዋ

ጋሼ እጅዎ ይባረክ፣ ሠራ! ሁለት ነገር ቀረ። በባትሪ ደህና ነው፣ በ9 ቮልት አዳፕተር ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ እምምም ይላል፤ ዘንጉን ሳዞር ይጠፋና ይመለሳል። ሁለተኛ እጄን ሳስጠጋ ጣቢያው ይሸሻል።

ጥምጥም

በሁሉም ቦታ እኩል የሚሰማ እምታ ከሆነ የካፓሲተር ማነስ ነው። ያንቺው ግን ከጣቢያ ጋር አብሮ የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ይህ ሌላ በሽታ ነው። ሲግናሉ በመብራት ሽቦው በኩል ወደ አዳፕተሩ ይገባል፣ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይከፍቱታል ይዘጉታል፣ እንደዚያ ተቆራርጦ ወደ መቀበያው ይመለሳል። በትራንስፎርመር አዳፕተር ላይ በእያንዳንዱ ዳዮድ ትይዩ 10 ናኖ ማድረግ ይፈውሰዋል። ቀላሉን የስልክ ቻርጀር ዓይነት አዳፕተር ግን አታስቢው፤ ራሱ የጩኸት ምንጭ ነው። ይህ መቀበያ በባትሪ ነው ደስ የሚለው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልም አጥፍተሽ ሞክሪ፤ ድምፁ ካነሰ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ስለ እጅሽ፦ በ7 ሜጋኸርዝ ጠቅላላ ካፓሲታንሱ 89 ፒኮ ነው። 1 ፒኮ ብቻ ቢጨመር 39 ኪሎኸርዝ ይሄዳል። እጅ የፒኮ አንድ አሥረኛ ቢጨምር እንኳን ወደ 4 ኪሎኸርዝ ነው፤ ሞርስ ከሆነ ድምፁ ከጆሮ ይወጣል። የተለዋዋጭ ካፓሲተሩ ዘንግ የሚነካው ጎን ግራውንድ ላይ መሆኑን አረጋግጪ። ግማሹ ሰው ሳያውቅ ገልብጦ ነው የሚበይደው። የፊት ሽፋኑን ከወተት ዱቄት ጣሳ ቆርጠሽ ግራውንድ አድርጊው፣ ዘንጉ ላይ ረዘም ያለ የፕላስቲክ መያዣ ጨምሪ።

ጥሩ ማስተካከያም ያስፈልግሻል። የዚያኑ ካፓሲተር ሌላኛውን፣ 60 ፒኮ የሆነውን ጎን አትጠቀሚ፤ አንድ ዘንግ ስለሆነ አብሮ ይዞራል። ሁለተኛ የሞተ ሬዲዮ ፈልጊና የእሱን 60 ፒኮ ጎን በ10 ፒኮ ተከታታይ አድርገሽ ከዋናው ጋር አገናኚ። ከ5 ፒኮ ትንሽ በላይ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ በ7.1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያ ወደ 210 ኪሎኸርዝ ነው። የእኛ ቀጠና 40 ሜትር አማተር ባንድ ከ7.0 እስከ 7.2 ስለሆነ ከሞላ ጎደል ልክክ ይላል።

ዳይፖል_ሜሪላንድ

የመቀበያው ዘንግ የት ፍሪኩዌንሲ ላይ እንዳለ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሪጀነሬቲቩ ሲወዛወዝ ራሱ ትንሽ ማሰራጫ ነው። ዲጂታል የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አጠገቡ አድርጋችሁ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ አቁሙትና የመቀበያውን ዘንግ አዙሩ። ዲጂታሉ ድንገት ሿታው ሲጠፋና ጸጥ ሲል እዚያ ናችሁ።

ዲጂታል ሬዲዮ ከሌለ ደግሞ የክሪስታል ምልክት ሰጪ ሥሩ፤ ይህ ለጀማሪ የመጀመሪያው «ማሰራጫ» ቢሆን እመርጣለሁ፣ አንቴና የለውምና። 2ኤን3904፣ ኮሌክተሩ በቀጥታ 9 ቮልት ላይ፣ ቤዙ በ100 ኪሎኦም ወደ 9 ቮልት፣ ኤሚተሩ በ1 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ። 100 ፒኮ ከቤዝ ወደ ኤሚተር፣ ሌላ 100 ፒኮ ከኤሚተር ወደ ግራውንድ፣ ክሪስታሉ ከቤዝ ወደ ግራውንድ። ቁልፍ መጫኛ ካለው አሮጌ የመስመር ስልክ ውስጥ 3.579545 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እጥፉ 7.159 ሲሆን ሦስት እጥፉ 10.739 ነው። ከድሮ ፓል ቲቪ የሚወጣው 4.433619 ደግሞ በ8.867 ይሰማል። በሦስት ነጥብ ዘንጉ ላይ ወረቀት ለጥፎ ምልክት ማድረግ ይቻላል።

ጀማሪው_ከአዳማ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ባለ አንድ ትራንዚስተር የኤፍኤም ማሰራጫ በብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ በሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ሠራሁ። 98 አካባቢ ይሰማል፣ ግን ስነካው ወይም ባትሪው ሲደክም ይጠፋል። ረዘም ያለ አንቴና ሳደርግ ይብስበታል። ምን ልጨምር?

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ

ልጄ፣ የምትጨምረው ነገር የለም። ሒሳቡን እይ። 5 ዙር፣ ዲያሜትሩ 6.5፣ ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ኮይል 0.12 ማይክሮሄንሪ ገደማ ነው። በ98 ሜጋኸርዝ እንዲቆም 23 ፒኮ ይፈልጋል። አንድ ፒኮ ሲጨመር ከ2 ሜጋኸርዝ በላይ ይሸሻል። የብሬድቦርድ ሁለት ጎረቤት ረድፎች በመካከላቸው ጥቂት ፒኮ አላቸው፤ ያውም ሽቦው ሲነቃነቅ ይለወጣል። የትራንዚስተሩ የውስጥ ካፓሲታንስም በቮልቴጅ ይለወጣል፣ ባትሪ ሲደክም የሚሄደው ለዚያ ነው። አንቴናው በቀጥታ ከኮይሉ ጋር ስለተገናኘ የአንቴናው ካፓሲታንስ ራሱ የኮይሉ አካል ሆኗል፤ ሲረዝም ቢብስ ምን ይደንቃል?

በመዳብ ሰሌዳ ላይ፣ እግሮቹን አሳጥረህ፣ ኃይሉን በ5 ቮልት ሬጉሌተር አድርገህ ብትሠራው ይሻሻላል። አንቴና ግን አትስጠው። አዲስ አበባን ብትወስድ 97.1፣ 98.1፣ 102.1 የሰው ጣቢያዎች ናቸው። ከ108 በላይ እስከ 137 ድረስ አውሮፕላን አቅጣጫ የሚያገኝበትና የሚነጋገርበት ነው፤ ያንተ ማሰራጫ ደግሞ እጅ በማስጠጋት 2 ሜጋኸርዝ የሚዘል ነገር ነው። ከ107 ወደ 109 ለመግባት የሚያስፈልገው አንድ ፒኮ ነው።

አወያይ

በሕግ በኩል አጭር ማሳሰቢያ። በኢትዮጵያ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ አየር ላይ ስለመውጣት እዚህ መድረክ ላይ አንወያይም። በአርቴፊሻል ሎድ (በአንቴና ፋንታ በሚሰካ ሬዚስተር) መሞከር፣ መለካት፣ መቀበያ መሥራት፣ ስለ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። የአማተር ሬዲዮ ሥራ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለውን የኢቲ3ኤኤ ክለብ ጣቢያ ይጠይቅ።

ዳይፖል_ሜሪላንድ

ፈቃድ ላላቸው ወይም ሊያወጡ ለሚያስቡ፦ ለመጀመሪያ ማሰራጫ ፒክሲ የሚባለው ትንሽ ኪት (ለመገጣጠም የተዘጋጀ ዕቃ) ተወዳጅ ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ አንድ ኤልኤም386፣ አንድ ክሪስታል። ነገር ግን ከውስጡ የሚመጣው ክሪስታል ብዙውን ጊዜ 7.023 ሜጋኸርዝ ነው፤ አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ። እዚህ ከ7.000 እስከ 7.025 ያለው ለኤክስትራ (ለከፍተኛው የፈቃድ) ደረጃ ብቻ የተተወ ነው። ቴክኒሻን (የመጀመሪያው ደረጃ) የሆነ ሰው በ40 ሜትር የተፈቀደለት ከ7.025 እስከ 7.125፣ ያውም በሞርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ኪቱን ከመበየዳችሁ በፊት 7.030 ክሪስታል ግዙና የክሪስታሉን ቦታ በሶኬት አድርጉት። የቴክኒሻን ፈተና 35 ጥያቄ ነው፣ 26 መመለስ ያሳልፋል፤ የጥያቄው ክምችትም አስቀድሞ የታተመ ነው።

ሌላው፦ ሰሌዳው ላይ ያለው ማጣሪያ አንድ ኮይልና ሁለት ካፓሲተር ብቻ ነው። አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ለሚሠራ ማሰራጫ ትርፍ ሞገዱ ከዋናው በ43 ዲሲቤል ማነስ አለበት፤ ወደ 20 ሺህ ጊዜ ያነሰ ማለት ነው።

አንቴናም ሎድም ሳይሰካ ቁልፉን መጫን መጨረሻውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። ጣት ላይ እስኪፋጅ አይጠበቅም፣ በሰከንዶች ነው።

ጥምጥም

ማጣሪያውንና ሎዱን እኔ ልጻፍ።

ሎዱ፦ ሁለት 100 ኦም 2 ዋት ሬዚስተር በትይዩ፣ 50 ኦም ይሆናሉ። የካርቦን ፊልም ይሁኑ እንጂ በሽቦ የተጠመጠሙ ነጭ የሲሚንቶ ሬዚስተሮች አይሁኑ፤ እነሱ ራሳቸው ኮይል ናቸው። በላዩ 1ኤን4148 ዳዮድና 10 ናኖ አድርጋችሁ ዲሲ ቮልቱን ለኩ። ንባቡ ላይ 0.6 ጨምሩ፣ በራሱ አባዙት፣ ለ100 አካፍሉት። 6.5 ቮልት ካነበባችሁ 7.1 በ7.1፣ ሲካፈል 0.5 ዋት። ማጣሪያው ከመግባቱ በፊትና በኋላ ለኩ። ጥቂት ቢቀንስ ያለ ነው። በግማሽ ከቀነሰ አንዱ ኮይል ተሳስቷል።

ማጣሪያው ለ40 ሜትር የታወቀው ባለ 7 አካል ነው፦ 270 ፒኮ ወደ ግራውንድ፣ 1.38 ማይክሮሄንሪ፣ 680 ፒኮ ወደ ግራውንድ፣ 1.70 ማይክሮሄንሪ፣ 680 ፒኮ ወደ ግራውንድ፣ 1.38 ማይክሮሄንሪ፣ 270 ፒኮ ወደ ግራውንድ። ቲ37-6 የሚባለው ቢጫ ቀለበት ካላችሁ 21፣ 24፣ 21 ዙር። ሽቦው በቀለበቱ ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ነው፤ ከውጭ ብቻ የሚቆጥር ሰው አንድ ይሳሳታል።

ቀለበቱ ከሌለ 10 ሚሊሜትር የመሰርሰሪያ ጥርስ ጀርባ ላይ 0.6 ሽቦ ሳታራርቁ 13፣ 15፣ 13 ዙር ጠምጥማችሁ አውጡት፤ በስሌት 1.43፣ 1.73፣ 1.43 ይሰጣል፤ ጥቂት ዘርዘር ብታደርጉት ወደ ልኩ ይወርዳል። ለራሳችሁ መጠን ማስላት ከፈለጋችሁ፦ ዲያሜትር በራሱ ተባዝቶ፣ በዙር ሁለት ጊዜ ተባዝቶ፣ ለ(457 × ዲያሜትር + 1016 × ርዝመት) ይካፈላል። ልኩ በሚሊሜትር ይገባል፣ በማይክሮሄንሪ ይወጣል። ዲያሜትሩ ከሽቦው መሃል እስከ ሽቦው መሃል ነው። አየር ኮይሎች በቀለበት ፋንታ ሲገቡ አንዱ ሌላውን ያያል፤ መሃለኛውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ሁለቱን ጎኖች አስተኟቸው። ሦስቱን በአንድ መስመር ያስተኛ ሰው ማጣሪያ ሳይሆን ድልድይ ነው የሠራው።

ምናለሽ_ተራ

የ680 ፒኮ ካፓሲተር ካጣችሁ 470 እና 220 በትይዩ፣ የ270 ከሆነ 220 እና 47። ግን ያገኛችሁትን ሁሉ አትክተቱ። አናቱ ላይ ጥቁር ቀለም የተነካ ክብ ሴራሚክ ኤንፒኦ ነው፣ በሙቀት አይለወጥም። ሌሎቹ ቡናማዎቹ ለኃይል ማጥሪያ እንጂ ለኮይል አይሆኑም። በመቀበያው ዋና ኮይል ላይም ያው ነው፤ የ10 ፒኮዋን ርካሽ ካደረጋችኋት ጣቢያው ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ይጓዛል።

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ

እዚህ ላይ ከምናለሽ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በመቀበያው የሚጓዘው አብዛኛው ከኮይሉ ነው እንጂ ከ10 ፒኮዋ አይደለም። ላላ ብሎ የተጠመጠመ ሽቦ በሙቀት ይንቀሳቀሳል። ሽቦውን ወጥረው ይጠምጥሙ፣ ጫፎቹን በቱቦው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ያሳልፉ፣ የጥፍር ቀለም ቀብተው ያድርቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ካፓሲተር እንነጋገራለን።

ባለሬዲዮዋ

የሁለታችሁንም አድርጌያለሁ፤ የጥፍር ቀለሙ በእርግጥ ለውጥ አመጣ። በዲጂታል ሬዲዮ ለካሁት፤ ዘንጉ ሙሉ ሲዘጋ 5.4፣ ሙሉ ሲከፈት 12.7 ሜጋኸርዝ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ 49 ሜትር ይጨናነቃል፣ ቀን 25 ሜትር ይሻላል።

አንድ እንግዳ ነገር አለ። ከ6.9 እስከ 7.3 አካባቢ ብቻ ፖቴንሽዮሜትሩ ሙሉ ተከፍቶም ማፏጨት ያቆማል። ከዚያ ወጣ ስል በሁለቱም ጎን ደህና ነው። እኔ ደግሞ የፈለግሁት 7.0ን ነው።

ጥምጥም

አንቴናሽ ስንት ሜትር ነው? 10? እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው፣ 10 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። 10 ሜትር ሽቦ በ7.1 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሞገዱ ሩብ ነው። እዚያ ላይ አንቴናው ራሱ ስለሚስተካከል ከኮይሉ ጉልበት ይመጥጣል፣ ትራንዚስተሩ የሚያወዛውዝበት አይተርፈውም። ሽቦውን ወደ 13 ሜትር ብታስረዝሚው ቀዳዳው ወደ 5.5 ይወርዳል፤ ቦታውን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የሚሻለው የአንቴናውን 2 ዙር ወደ 1 መቀነስና ከአንቴናው ጋር 22 ፒኮ ተከታታይ ማድረግ ነው። አሁንም ከያዘሽ ወደ 10 ፒኮ ውረጂ። ድምፁ የቀነሰ ይመስልሻል፣ ግን ፖቴንሽዮሜትሩን ትንሽ ከፈት ስታደርጊ ይመለሳል።

ባለሬዲዮዋ

በ1 ዙርና በ22 ፒኮ 7.0 ላይ ያፏጫል፤ ፖቴንሽዮሜትሩ ሁለት ሦስተኛ ላይ። 7.03 አካባቢ ሞርስ ይሰማል።